ባሕር ዳር ላይ የቱርቦ ዊል መቀየር፦ ከፍታው የሚለውጠው ስሌት

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው፣ ስካነር ሰክተው የማኒፎልዱን፣ ማለትም አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበትን ቱቦ፣ ግፊት ያንብቡ። ባሕር ዳር ላይ ቁጥሩ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢቆም 101 ያሳያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ከአየሩ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጎድሎበታል። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ይህን ጉድለት ለመሙላት ከወደቡ መኪና ይልቅ በብዙ ዙር መሮጥ አለበት።

አየሩን ስለሚጨምቀው ባለክንፍ መዘውር፣ ስለ ኮምፕረሰር ዊል ቅየራ በየጋራዡ ሲወራ ግን ይህ ቁጥር አይነሳም። ዊሉን የሚሸጠው ሰው ያለው ባንኮክ ወይም ዱባይ ነው፤ «ቱርቦው ቶሎ ይገባል (በዝቅተኛ ዙር መግፋት ይጀምራል)፣ ጉልበት ይጨምራል» የሚለውም በባሕር ጠለል ላይ ለሚነዳ ደንበኛ ነው። ያንኑ ዊል አምጥቶ ጣና ዳር መግጠም ይቻላል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው፤ አንዳንዴም ውጤቱ የተሰበረ ሻፍት፣ ማለትም የቱርቦው ዘንግ ነው።

ዊሉ ምን ይሠራል?

ቱርቦ ሁለት ዊሎች በአንድ ሻፍት ላይ የታሰሩበት ነገር ነው። በጭስ በኩል ያለውን ተርባይን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል። በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፕረሰር ዊል ከፊልትሮ የመጣውን አየር በመሃሉ ስቦ በዳሩ ይወረውረዋል። 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዊል በደቂቃ 150 ሺህ ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 470 ሜትር ይጓዛል። ከድምፅ ይፈጥናል ማለት ነው፤ የሚይዘው ሻፍት ደግሞ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም።

ዊሉ የሚለካው በሁለት ስፋቶች ነው። አየር የሚገባበት የፊቱ ስፋት ኢንዲውሰር፣ አየር የሚወጣበት የኋላው ሰፊ ዳር ኤክስዲውሰር ይባላል። የፊቱን በራሱ አባዝተው፣ የኋላውንም በራሱ አባዝተው፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍለው በ100 ሲያበዙት «ትሪም» የሚባለው ቁጥር ይገኛል። ፊቱ 44፣ ኋላው 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ዊል ትሪሙ 54 ነው። ኋላውን ሳይነኩ ፊቱን 47 ካደረጉት 61 ይሆናል፤ አፉ ሰፍቶ ብዙ አየር ይውጣል። ሻጩ እነዚህን ሁለት ስፋቶች በሚሊ ሜትር ካልነገረዎትና «ስቴጅ 2 ነው» ብቻ ካለዎት፣ ምንም አልነገረዎትም።

«ቶሎ ይገባል» ስለሚለው ተስፋ

ትልቅ ዊል ብዙ አየር ይሰጣል፤ ቶሎ ግን አይነሳም። የሚሽከረከር ነገር ከቆመበት ለመነሳት የሚያሳየው እምቢታ ከስፋቱ ጋር በጣም ፈጥኖ ያድጋል። ቅርጹ ሳይለወጥ ስፋቱ 10 በመቶ ብቻ የጨመረ ዊል፣ እምቢታው በ60 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ «ትልቅም ነው፣ ቶሎም ይገባል» የሚል ሰው ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቃቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማስታረቂያው አብዛኛውን ጊዜ «ቢሌት» የሚለው ቃል ነው። የፋብሪካው ዊል በብዛት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ አልሙኒየም የተሠራ ነው። ቢሌት የሚባለው ግን ተቀጥቅጦ ከጠነከረ ድፍን አልሙኒየም፣ ብዙ ጊዜ 2618 ከተባለው ቅይጥ፣ በኮምፒውተር በሚመራ ሲኤንሲ ማሽን የተፈለፈለ ነው። ብረቱ ስለሚጠነክር ክንፎቹንና መሃለኛውን ግንድ ማሳሳት ይቻላል፤ ግንዱ ሲሳሳ የአየሩ መግቢያ ይሰፋል። ትክክለኛው ጥቅሙ ይኸው ነው። ክብደትም ትንሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዚያው ሻፍት ማዶ የተበየደው ተርባይን ከኒኬል ቅይጥ የተሠራና ከአልሙኒየም ሦስት እጥፍ የሚከብድ ነው። ከኮምፕረሰሩ ላይ ጥቂት ግራም መቀነስ፣ ከተሸከሙት ኩንታል ላይ አንድ እፍኝ ጤፍ እንደማፍሰስ ነው።

ታዲያ ዊል ቀይረው «በ1,800 ዙር ይገባ የነበረው አሁን በ1,600 ገባ» የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ? አይዋሹም። የተሻለ ቅርጽ ያለው ዊል ያንኑ አየር ለመጭመቅ ከተርባይኑ የሚወስደው ጉልበት ያንሳል፤ የተረፈው ሻፍቱን ለማፍጠን ይውላል። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ አሮጌው ዊል አቧራ የበላው ነበር፣ ሥራው ሲሠራም የላሉት ማኒኮቶዎች (የአየሩ የጎማ ቱቦዎች) አብረው ጠበቁ።

ከመግዛትዎ በፊት

ለዚህ ነው መጀመሪያ ያለውን ቱርቦ መፈተሽ የሚገባው። ከፊልትሮ ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ቱቦ ይንቀሉና የዊሉን ክንፎች በባትሪ ይዩ። የፊት ጠርዛቸው ስል መሆን አለበት። ከደነበዘ፣ ከተጠቀለለ ወይም ከተሸራረፈ አቧራ ወይም ጠጠር ገብቷል ማለት ነው። በኮረኮንች መንገድ ወደ ገጠር የሚመላለስ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከፊልትሮ በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉበት፤ ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ፊልትሮው ወይም መቀመጫው ያሳልፋል። ያ ሳይዘጋ የተገጠመ አዲስ ዊል የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ቀጥሎ የአየር መፍሰስ ነው። በቱርቦው አፍ ልክ ቶርኖ ቤት የፕላስቲክ ክዳን ያስቀርጹ፣ መሃሉን በስተው ቱቦ አልባ ጎማ ላይ የሚገጠመውን ቫልቭ ይሰኩበት፣ በክላምፕ ያጥብቁት። ከሞተሩ ሆድ ወደ ቱርቦው መግቢያ የሚመጣውን የመተንፈሻ ቱቦ ነቅለው ሁለቱንም ጫፍ ለየብቻ ይያዙ፤ የመግቢያው ጫፍ ይደፈን፣ የሞተሩ ጫፍ ክፍት ይሁን፤ አለዚያ አየሩ ወደ ዘይቱ ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙትን ኦሊዮ ሲሎች ይገፋል። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሄደው እስከ 1 ባር፣ ማለትም 15 ፒኤስአይ ድረስ ቀስ ብለው ይንፉ። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው፣ የተጨመቀውን አየር በሚያበርደው ኢንተርኩለር ጥግና በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ላይ ይቀቡ። የሚንተከተከው ቦታ ሌባው ነው። ክፍት በቆመ ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደር የሚያልፍ ጥቂት አየር ግን ይኖራል፤ እሱን በዲፕስቲክ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ቀዳዳ ሲሰሙት አይደንግጡ።

በመጨረሻም ቱርቦው በጭስ በኩል ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ቪኤንቲ ከሆነ፣ ጥቀርሻ እንዳልያዛቸው ይፈትሹ። ክንፎቹ ከፍተው ከቀሩ ቱርቦው በዝቅተኛ ዙር አይገባም፤ የትኛውም ዊል አያድነውም። ከሦስቱ አንዱን አስተካክሎ ዊል የመግዛት ሐሳቡን የተወ ባለመኪና ጥቂት አይደለም።

ስሌቱ

ኮምፕረሰር ማፕ የሚባለው ሥዕል የእያንዳንዱ ዊል መታወቂያ ነው። አግድሙ በደቂቃ የሚያልፈው የአየር ክብደት ነው። ቁሙ የግፊት ብዜት ነው፤ ከዊሉ የሚወጣው ግፊት ለሚገባው ግፊት ሲካፈል። መሃሉ ላይ እንደ ተራራ ካርታ ክብ በክብ የተሠሩ መስመሮች አሉ፤ የውስጠኛው ክብ ዊሉ በትንሹ ድካም የሚሠራበት ነው። በግራ ያለው ጠርዝ ሰርጅ ይባላል፦ አየሩ ወደፊት መሄድ አቅቶት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ «ቹ ቹ ቹ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በቀኝ ያለው ዊሉ ከዚህ በላይ መዋጥ የሚያቅተው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ 3,400 ዙር ላይ፣ ሲሊንደሮቹ 90 በመቶ የሚሞሉ፣ ከኢንተርኩለር የወጣው አየር 60 ዲግሪ፣ በማኒፎልዱ ውስጥ የምንፈልገው ጠቅላላ ግፊት 2.1 ባር (210 ኪሎ ፓስካል) ይሁን። ሞተሩ በደቂቃ 10 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይበላል። ኢንተርኩለሩና ቱቦዎቹ 0.1 ባር ስለሚበሉ ዊሉ 2.2 ባር ማውጣት አለበት፤ ፊልትሮውም በመግቢያው 0.03 ባር ይቀንሳል።

ወደብ ላይ ዊሉ የሚስበው 0.985 ባር አየር ነው። ብዜቱ 2.23 ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ የሚስበው 0.79 ነው፤ ብዜቱ 2.78 ይሆናል። ይህ ቁሙ ነው። አግድሙም ይሸሻል፦ ማፑ የተሠራው በተወሰነ መነሻ ግፊት ነው፤ ብዙዎቹ 0.96 ባር ይጠቀማሉ። አየሩ ሲሳሳ ያው 10 ኪሎ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በማፑ ላይ የሚነበበው ወደብ ላይ 9.8 ሲሆን ባሕር ዳር ላይ 12.2 ኪሎ ግራም በደቂቃ ነው። ማፑ በፓውንድ ከሆነ በ2.2 ያብዙ፦ 21.6 እና 27። እንግዲህ ያው ሞተር፣ ያው ግፊት፣ ያው ኃይል፤ ዊሉ ግን ሩብ ያህል የበለጠ አየር የሚውጥ ሊሆን ይገባዋል፣ በላዩም በበለጠ ፍጥነት መዞር አለበት። መኪናው ከወረታ ተነሥቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ያለችው ደብረ ታቦር ሲደርስ ደግሞ ብዜቱ 3.1 ያልፋል። ለወደብ በልኩ የተመረጠ ዊል እዚያ ላይ ከማፑ ውጭ ነው።

ሙቀቱም አብሮ ይወጣል። 27 ዲግሪ የገባ አየር፣ ዊሉ በ75 በመቶ ብቃት ቢሠራ፣ ወደብ ላይ 130፣ ባሕር ዳር ላይ 163 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ዊሉ ከውስጠኛው ክብ ወጥቶ ብቃቱ 65 ቢወርድ 184 ይደርሳል። ይህን ሁሉ ማብረድ ያለበት ያው የፋብሪካ ኢንተርኩለር ነው።

እኛ የምንመክረው የወደቡን ግፊት እዚህ ለማግኘት አለመጣርን ነው። ከ2.1 ይልቅ 1.9 ባር ላይ መርጋት ብዜቱን ወደ 2.53 ያወርደዋል፤ መካከለኛ ዊል ውስጠኛው ክብ አጠገብ ይቆያል። በሌላ በኩል ጭነት የሚሠራ መኪና፣ ለምሳሌ የፎገራ ሩዝ ጭኖ ደብረ ታቦር የሚወጣ ኢሱዙ፣ በ1,500 ዙር ላይ ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል። ለሱ በጣም ሰፊ ዊል መግጠም ማፑን ወደ ቀኝ ወስዶ በግራ ያለውን ሰርጅ ወደ ሥራው ቦታ ማምጣት ነው። ዳገቱ መሃል ላይ «ቹ ቹ» ካለ የሚጎዳው መጀመሪያ የግፊት መያዣው፣ ትራስት ቤሪንግ የሚባለው ሳህን ነው። ቪኤንቲ ክንፎች በዝቅተኛ ዙር ግፊት ስለሚጨምሩ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ዊሉ እጅ ሲገባ

ቢሌት ተብሎ የሚሸጥ፣ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ዊል ሞልቷል። እውነተኛው በክንፎቹ ፊት ላይ ማሽኑ የሄደበት ጥቃቅንና እኩል የሆነ ጭረት አለው፤ በቅርጽ የፈሰሰው በክንፎቹ ሥር የቅርጽ ስፌት ወይም ሻካራ ፊት ያሳያል። ወርቅ ቤት ይውሰዱትና ይመዝኑት፤ የነሱ ሚዛን የግራም መቶኛ ያነባል። ከአሮጌው ዊል ጋር አንድ ላይ ይመዝኑ፤ ስፋቱ ጨምሮ ክብደቱ ከቀነሰ ሻጩ የተናገረው ልክ ነው። የመሃሉን ቀዳዳና የሻፍቱን ውፍረት በማይክሮ ሜትር ይለኩ። ዊል በጣት ግፊት ተንሸራቶ ይገባል፤ ጠበብ ያለ ከሆነ ዊሉን 100 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ማስገባት ይቻላል። በመዶሻ የሚገባ ዊል የለም።

አሁን ከሁሉ የከበደው ነገር፦ ሚዛን። ከመሃል 20 ሚሊ ሜትር ርቆ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብልጫ ያለው ዊል፣ በደቂቃ 150 ሺህ ሲዞር ሻፍቱን በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ይጎትተዋል። ግማሽ ኩንታል፣ በሰከንድ 2,500 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ። ብሮንዚናውን፣ ሻፍቱ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ከሻፍቱ የሚለየው የዘይት ስስ ሽፋን ይህን አይችልም። ስለዚህ ዊሉ ብቻውን ሚዛን ተይዞለት መጣ ማለት አይበቃም፤ ሻፍቱ፣ ተርባይኑ፣ ዊሉና ዳዶው አንድ ላይ ተገጥመው በፍጥነት በሚያዞር ማሽን ላይ መለካት አለባቸው። ይህን ማሽን የማያገኝ ሰው ዊሉን ለብቻው ባይገዛ ይሻለዋል። ሚዛኑ ተስተካክሎ የታሸገውን ሙሉ መሃለኛ ክፍል፣ ካርትሪጅ የሚባለውን፣ ከነዊሉ ማስመጣት ይበልጣል። ዋጋው ይወደዳል፤ ሁለተኛ ቱርቦ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ዊሉን ራሱ የሚገጥም ሰው ዳዶውን ሲፈታ በተርባይኑ ጫፍ ያለውን ማእዘን ይያዝ እንጂ ዊሉን በሞርሳ ወይም በጨርቅ አይያዝ። በብዙ ቱርቦዎች ላይ ዳዶው በግራ የሚጠብቅ ነው፤ ጥርሱን አይቶ መጀመር ነው። ማጥበቂያው ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኒውተን ሜትር ከዚያ በተወሰነ ዲግሪ፤ የየቱርቦው ቁጥር በመመሪያው ላይ አለ። ቁልፉን ወደ ጎን የሚጎትት እጅ ሻፍቱን ያጎብጣል፤ ቲ ቅርጽ ያለው ቁልፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአየር ሽጉጥ ፈጽሞ አይነካውም።

ፊቱ የሰፋ ዊል ከሆነ የኮምፕረሰሩ ቤት መቆረጥ አለበት። በክንፉና በቤቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎኑም ከዊሉ ጠመዝማዛ ቅርጽ ጋር እየሄደ መሆን አለበት። ቶርኖ በዓይን እየተመራ ይህን አያወጣም፤ የዊሉ ቅርጽ የገባለት ሲኤንሲ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከሰፋ የተገዛው ብቃት በዚያ ያመልጣል። ከጠበበ፣ ሻፍቱ በዘይቱ ውስጥ ትንሽ ስለሚወዛወዝ ዊሉ በጭነት ጊዜ ቤቱን ይልሳል። ከገጠሙ በኋላ የሻፍቱን የፊትና ኋላ ጨዋታ በዳያል ጌጅ ይለኩ፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ አይግጠሙት።

ዘይት የሚያመጣውን ቱቦና መሃሉ ቀዳዳ የሆነውን ቡሎኑን በናፍጣ አጥበው ይንፉ። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን አይቀቡ፤ የተቆረሰው ሲሊኮን ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የዘይት መመለሻው ቱቦ ቁልቁል ይሂድ፤ ካጎነበሰ ቱርቦው በጭሱ በኩል ዘይት ያጨሳል፤ ብዙ ሰው ያኔ የሚያማርረው ዊሉን ነው። በካርትሪጁ ዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት ይጨምሩ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ናፍጣውን ዘግተው ዘይት በመመለሻው እስኪወርድ ያሽከርክሩት። ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ እግር አይጫንበት።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ናፍጣ ሞተር ላይ አየር ብቻ ጨምሮ ጉልበት አይገኝም። ጭሱ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ መኪናው ግን ያው ነው። ጉልበቱ የሚመጣው በዚያ አየር ልክ ናፍጣ ሲጨመር ነው። በምሳሌው የነበረው 10 ኪሎ አየር፣ ሃያ እጅ አየር ለአንድ እጅ ናፍጣ ቢቃጠል፣ ወደ 185 የፈረስ ጉልበት ይደግፋል። ናፍጣው ከዚህ ካለፈ ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ጭሱም ለዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ሲሄዱ ያጋልጣል።

ዘመናዊዎቹ ሞተሮች የከባቢውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱንና ናፍጣውን የሚቀንሰው ዊሉ ከልኩ በላይ እንዳይዞር ነው። «ኮምፒውተሩ ጉልበት ደበቀብህ» ብሎ ይህን ቅነሳ የሚያጠፋ ሰው ካጋጠመዎት ቁልፉን አይስጡት። ፕሮግራሙ ሲቀየር በስካነር የታዘዘውን ግፊትና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን ያስመዝግቡ። በሜካኒካል ጌጅ የሚነበበው ከከባቢው በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱን አያምታቱ፦ ጌጁ 1.1 ባር ሲል ስካነሩ ባሕር ዳር ላይ 192 ኪሎ ፓስካል ይላል።

ለመፈተን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት ይበቃል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከተርባይኑ በፊት ይሰካ፤ 700 ዲግሪን አልፎ ከቆየ እግርዎን ያንሱ፣ ናፍጣው ይቀነስ። ስለታም ፉጨት ከሰሙ የማኒኮቶ መላቀቅ ነው፤ እንደ አምቡላንስ የሚያላዝን ድምፅ ከሆነ ግን ሚዛን ነውና መኪናውን አጥፍተው ያስጎትቱ። ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ያሠሩት፤ ወዲያው ከጠፋ በብሮንዚናው ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክላምፖቹን ሁሉ ደግመው ያጥብቁ፣ ነጩንም ጨርቅ በቱቦው ውስጥ አንዴ ይጥረጉበት።